ከማርትሬዛ እስከ ዶላር፦ የባዕድ ገንዘብ ዕድሜ ከወሎ ምዕራባዊ ደጋ ሲመዘን

በዓለም ገንዘቦች መካከል የበላይነቱን ይዞ የቆየው የአሜሪካ ዶላር ወደፊት ምን ይገጥመዋል የሚለው ጥያቄ የባንክ ባለሙያዎችን፣ የመንግሥታት አማካሪዎችንና የንግድ ሰዎችን በሰፊው ሲያነጋግር ይታያል። ከፊሎቹ ፍጻሜው ተቃርቧል ይላሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ ተተኪ እስካልተገኘለት ድረስ የሚያሰጋው ነገር የለም ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ በአብዛኛው የሚካሄደው ለንደንን፣ ኒው ዮርክንና ቤይጂንግን በማውሳት ነው። ይሁን እንጂ አገራችን በዚህ ጉዳይ ላይ የራሷ የሆነ ረጅም ትምህርት አላት። ኢትዮጵያ ለመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል በባዕድ አገር ተቀርጾ፣ የባዕድ ንግሥት ምስል ባለበት ገንዘብ ስትገበያይ ኖራለች፤ የዚያንም ገንዘብ አመጣጥ፣ የበላይነትና ፍጻሜ አይታለች።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ታሪክ በአጭሩ መርምሮ፣ ስለ ዶላር ነገ ለሚጠይቁ የሙያ ባልደረቦች የሚጠቅም ፍሬ ነገር ማውጣት ነው። ለመመልከቻነት የተመረጠው የወሎ ምዕራባዊ ደጋ ነው፤ ይኸውም ዛሬ መካነ ሰላም ዋና ከተማው የሆነው ቦረና፣ ከዚያም ወግዲ፣ ከለላ፣ ለጋምቦ፣ ሳይንት፣ እስከ ተንታ ያለው አገር ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ደጋ በምዕራብ በዓባይ፣ በሰሜን በበሽሎ ሸለቆ የታጠረ፣ ገብስና ስንዴ፣ በግና ማር የማያጣ አገር ነው፤ ለገንዘብነት የሚውል ነገር ግን ከመሬቱ አይወጣም። የጨው ሜዳ የለውም፤ የብር ማዕድንም የለውም። በመሆኑም ሲገበያይበት የኖረውን ገንዘብ ሁሉ ከሩቅ ተቀብሏል። የተቀባዩ ወገን ታሪክ ደግሞ ከሰጪው ወገን ታሪክ ያነሰ አስተማሪ አይደለም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ አኳኋን ካልተገለጹ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሞሌና ማርትሬዛ

ከማርትሬዛ በፊትም ሆነ ከእርሱ ጋር ጎን ለጎን የወሎ ገበያ ዋና መገበያያ አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ እየተቆረጠ በግመልና በአህያ ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣና ከዚያ ወደ ላስታ፣ ወደ ወሎ፣ ወደ ሸዋና ወደ ጎጃም ይበተናል። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው በሚወጣበት አካባቢ ርካሽ ሆኖ እየራቀ ሲሄድ እየተወደደ እንደሚመጣ ጽፏል። ስለዚህ በአሞሌ ዋጋ ውስጥ የመንገዱ ርቀት፣ የኬላው ቀረጥና የሽፍታው ሥጋት ሁሉ ተደምሮ ይገኝ ነበር። አሞሌ ዝናም ያሟሟዋል፤ ሲሰበር ዋጋው ይወድቃል፤ የባሰ ቀን ሲመጣም ይበላል። እነዚህ ጉድለቶች ቢኖሩበትም ለዕለት ገበያ የሚሆን ሌላ አነስተኛ ገንዘብ ስላልነበረ ጸንቶ ኖሯል።

ለትልቁ ንግድ ግን የማይሟሟ፣ የማይሰበር፣ ከባሕር ማዶም የሚታወቅ ገንዘብ አስፈለገ። ይህም ማርትሬዛ፣ በሌላ ስሙ ጠገራ ብር ሆነ። ማሪያ ቴሬዛ ከ1740 እስከ 1780 የኦስትሪያን ግዛት ያስተዳደረች ንግሥት ናት። ምስሏ የተቀረጸበት ታለር በምሥራቅ ሜድትራኒያንና በቀይ ባሕር ንግድ ተወዳጅ ስለነበረ፣ እርሷ ከሞተች በኋላም 1780 የሚለው ዓመት ሳይለወጥ ሲቀረጽ ኖረ። ክብደቱ 28.0668 ግራም፣ የብሩ ጥራት ከሺህ 833 እጅ ሲሆን፣ በውስጡ 23.39 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ይገኛል። ኢትዮጵያ ቡናዋን፣ ቆዳዋን፣ የዝሆን ጥርሷንና ዝባዷን በቀይ ባሕር ወደቦች ሸጣ በምትኩ ከምትገዛው ሸቀጥ የሚተርፋት ዋጋ በዚህ ብር ይከፈላት ነበር። እንግዲህ ማርትሬዛን ወደ አገር ያስገባው የንጉሥ ዐዋጅ አልነበረም፤ የነጋዴው ሒሳብ ነበር።

የወሎ ገበሬ ይህን ብር የሚቀበለው መርምሮ ነው። የዘውዷን ዕንቁዎች ይቆጥራል፤ በትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ነጥቦቹ ጎልተው መታየት አለመታየታቸውን ያጤናል፤ ከምስሉ በታች ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ይፈልጋል። እነዚህ ፊደላት በጉንዝቡርግ የብር መቅረጫ ቤት ያገለግሉ የነበሩ የሁለት ሹማምንት የስም መነሻዎች ናቸው። ሰዎቹ ከሞቱ፣ መቅረጫ ቤቱም ከተዘጋ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ እንኳ ፊደላቱ የሌሉበት ብር በኢትዮጵያ ገበያ ይጣል ነበር። የብሩ ጠርዝም በጽሑፍ የተከበበ በመሆኑ ቆርጦ ማሳነስ አይቻልም፤ ቢቆረጥ ወዲያው ይታወቃል። አንድ ገንዘብ እንዲታመን የሚያደርጉት ጥቃቅን ምልክቶች ምን ያህል ሥር እንደሚሰድዱ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

የማርትሬዛ ችግር በሁለት በኩል ነበር። አንደኛው ትልቅነቱ ነው። አንድ ብር ዝርዝር ስለሌለው ለአንድ ቁና እህል ወይም ለአንድ ጭልፋ ማር መግዣ አይሆንም፤ ስለዚህ አሞሌ፣ ኋላም የጠመንጃ ጥይት እንደ ዝርዝር ሲያገለግል ኖሯል። ሁለተኛው ክብደቱ ነው። አንድ ሺህ ብር 28 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ሦስት ሺህ ብር አንዲት በቅሎ በጤና ልትሸከመው ከምትችለው ጭነት ጋር ይተካከላል። ያን ጭኖ የበሽሎን ገደል መውረድና መውጣት፣ ወይም የዓባይን በረሓ ወደ ጎጃም መሻገር ጠባቂ ይጠይቃል። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ክራፕፍ በ1842 ከአንኮበር ተነሥቶ በወሎ በኩል ወደ ጎንደር ሊያልፍ ሲሞክር በአካባቢው ገዥ በአዳራ ቢሌ እጅ ወድቆ ንብረቱን ተገፏል። በዚያ ዘመን የሩቅ መንገደኛ ሀብት የሚጠበቀው በባንክ ሳይሆን በጠመንጃና በወዳጅነት ነበር።

መቅደላ፦ ኀያሉ ሠራዊትና የገበሬው ምርጫ

የገንዘብ የበላይነት በማን እጅ እንዳለ በግልጽ የታየበት ጊዜ ከ1867 እስከ 1868 የተካሄደው የእንግሊዝ ዘመቻ ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ፓውንድ ስተርሊንግ የዓለም ንግድ መለኪያ ነበር። የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ግን ከዙላ ወደብ ተነሥቶ እስከ መቅደላ አምባ ሲጓዝ ለገብሱ፣ ለሣሩና ለከብቱ የሚከፍለው ዋጋ በስተርሊንግ ሊሆን አልቻለም። ገበሬው የሚያውቀው የእቴጌይቱን ምስል ነው። በዚህ ምክንያት የእንግሊዝ መንግሥት በሜድትራኒያን ገበያዎች ያለውን ማርትሬዛ ማሰባሰብ ግድ ሆነበት፤ በቪየና የሚገኘው መቅረጫ ቤትም ለዚሁ ዘመቻ አዲስ ብር ቀረጸ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1868 የወደቁባት መቅደላ ዛሬ በተንታ ወረዳ፣ ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ትገኛለች። ታሪኳ የሚወሳው ስለ ንጉሡ ጀግንነትና ስለ ተዘረፉት ቅርሶች ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ለእኛ ሙያ ግን ሌላ ትምህርት አላት። የዓለሙን ብርቱ ገንዘብ የያዘው ኀያል መንግሥት፣ በጦር ያሸነፈውን አገር ገበሬ ገንዘቡን እንዲቀበል ማስገደድ አልቻለም። ገንዘብን ገንዘብ የሚያደርገው የሚከፍለው ሰው ጉልበት ሳይሆን የሚቀበለው ሰው ነገ ለሌላ ሊያስተላልፈው መቻሉ ነው።

ያልሠመሩ ሙከራዎች

ማርትሬዛን ለመተካት የተደረጉት ሙከራዎች ብዙዎች ናቸው። ኢጣልያ ኤርትራን ከያዘች በኋላ ከ1890 ጀምሮ የራሷን ታለር አወጣች። ይህ ብር 28.125 ግራም የሚመዝን ሲሆን፣ ጥራቱ ከሺህ 800 እጅ ብቻ ስለነበረ ንጹሕ ብሩ 22.5 ግራም ነው። ከማርትሬዛ አንድ ግራም ያህል ይጎድላል። ገበያው ጉድለቱን ዐውቆ አልቀበልም አለ። በ1918 ኢጣልያ የእቴጌይቱን መልክ የሚመስል ሌላ ታለር ብታወጣም ዕድሉ ከፊተኛው አልተሻለም።

በኢትዮጵያ በኩል የተደረገው ሙከራ ከሉዓላዊነት ጥያቄ ጋር የተሳሰረ ነበር። በግንቦት 1889 በአምባሰል ምድር በውጫሌ የተፈረመው ውል በአሥራ ሰባተኛው አንቀጹ ምክንያት ይታወቃል። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በኢጣልያ የተፈረመው ተጨማሪ ውል ግን ለገንዘብ ታሪክ ይበልጥ የሚጠቅም ነው። በእርሱ መሠረት ምኒልክ 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር በሐረር የጉምሩክ ገቢ መያዣነት የሚያገኙ ሲሆን፣ የሚያወጡት ገንዘብም በኢጣልያ መቅረጫ ቤት እንዲሠራ ተወስኖ ነበር። ብድርና የገንዘብ መቅረጽ መብት በአንድ ሰነድ ውስጥ መግባታቸው ድንገተኛ አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ የውሉን ጠንቅ ከተረዱ በኋላ ብድሩን ከነወለዱ ከፍለው፣ በ1893 ውሉን ሠረዙ። በዚያው በ1893 ስለ አዲስ የኢትዮጵያ ገንዘብ ዐዋጅ አስነገሩ፤ ብሩም በሮማ ሳይሆን በፓሪስ ተቀረጸ።

የምኒልክ ብር ክብደቱ 28.075 ግራም፣ ጥራቱ ከሺህ 835 እጅ ነበር። በውስጡ ያለው ንጹሕ ብር 23.44 ግራም ያህል ስለሚሆን ከማርትሬዛ በጥቂቱ ይበልጣል። የንጉሠ ነገሥቱ ምስልና የይሁዳ አንበሳ ያለበት፣ በአገሩ ቋንቋ የተጻፈበት፣ በብር ይዘቱም የሚልቀው ይህ ገንዘብ የባዕዱን ብር ከገበያ ማስወጣት አልቻለም። ምክንያቱ ምን ነበር? በምጽዋ፣ በጅቡቲና በዓደን ያለው ነጋዴ የሚቀበለው ማርትሬዛን ነው። ከባሕር ማዶ ዕቃ የሚያመጣው ነጋዴ ካልተቀበለው፣ የደሴና የወረ ኢሉ ነጋዴ አይቀበለውም፤ እርሱ ካልተቀበለው ደግሞ የሳይንት ገበሬ በጉን አይሸጥበትም። አዲሱ ገንዘብ የተሸነፈው በጥራት ሳይሆን በልማድ ሰንሰለት ነው። ይልቁንም ሥር የያዘው ማርትሬዛ ያልነበረው ነገር፣ ማለትም ዝርዝሩ ነበር፤ አላድ፣ ሩብ፣ ተሙንና ግርሽ ለትናንሽ ግዢ አገለገሉ።

በ1905 በተሰጠ ፈቃድ መሠረት የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ በ1906 ሥራ ጀመረ፤ በ1915 የወረቀት ገንዘብ አወጣ። ወረቀቱ ግን ከአዲስ አበባና ከባቡር መስመሩ ከተሞች ብዙም አልራቀም። በ1931 ባንኩ በመንግሥት ተገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ ሲባል ከቅርንጫፎቹ አንዱ በደሴ ነበር። ይህም ለወሎ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም፣ በደሴና በዓባይ ሸለቆ መካከል ላለው አገር ባንክ የሚባለው ነገር ገና የሩቅ ወሬ ነበር።

ከሁሉም የሚያስገርመው የፋሺስት ኢጣልያ ታሪክ ነው። ለወረራው ስትዘጋጅ በሐምሌ 1935 የማርትሬዛን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ ተረክባ ብሩን በሮማ መቅረጽ ጀመረች፤ ሠራዊቷ በኢትዮጵያ ምድር በሊሬ ብቻ ሊኖር እንደማይችል ታውቅ ነበርና። ሌሎችም ዝም አላሉም፤ ፓሪስ በ1935፣ ለንደን በ1936፣ ብራስልስ በ1937 የዚሁኑ ብር መቅረጽ ያዙ። ከወረራው በኋላ የኢጣልያ አስተዳደር ሊሬን በዐዋጅ ቢያስገባም የማርትሬዛን ምንዛሪ ደጋግሞ ከፍ ለማድረግ ተገደደ። በ1940 እና በ1941 በቦምቤይ የተቀረጸው ማርትሬዛ ደግሞ ኢጣልያን ለማስወጣት በተደረገው ዘመቻ አገልግሏል፤ ወደ ጎጃም የገቡት የአርበኞች ረዳት ጓዶችም ይህንኑ ብር ጭነው ነበር። ወራሪውም ነጻ አውጪውም በአንዲት በሞተች ንግሥት ብር ከፈሉ።

የተጠቃሚው ዕዳ

እስካሁን የተገለጸው የማርትሬዛን ጽናት ነው። ይህ ጽናት ያስከፈለው ዋጋ ግን ነበረ፤ ከፋዩም ባለቤቱ ሳይሆን ተጠቃሚው ነው። ማርትሬዛ በውስጡ ባለው ብር የሚመዘን በመሆኑ፣ የብር ማዕድን ዋጋ በዓለም ገበያ ሲናወጥ የኢትዮጵያ ሀብት አብሮ ይናወጣል። በ1870 አካባቢ በለንደን ገበያ አንድ አውንስ ብር 60 ፔንስ ያህል ያወጣ ነበር። ጀርመንና ሌሎች መንግሥታት ወደ ወርቅ መሠረት ሲዞሩ ዋጋው እየወደቀ ሄዶ በ1902 ከ22 ፔንስ በታች ሆነ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1920 ከ89 ፔንስ በላይ ወጣ፤ በ1931 እንደገና ወደ 12 ፔንስ አካባቢ ወረደ።

ይህን ቁጥር ወደ ደጋው ኑሮ ብንመልሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው። አንድ የለጋምቦ ባላባት በ1870 ማሰሮ ውስጥ የቀበረውን መቶ ብር የልጅ ልጁ በ1902 ቢያወጣው፣ ብሩ መቶ ሆኖ ይቆጠራል፤ ክብደቱም አይጎድልም። ነገር ግን ከባሕር ማዶ በሚመጣ ጨርቅ ወይም ጠመንጃ ዋጋው ሲለካ የቀድሞው እኩሌታ እንኳ ላይሆን ይችላል። ገንዘቡን ማንም አልሰረቀውም። ዋጋውን ያጠፋው በበርሊንና በለንደን የተወሰነ ውሳኔ ነው፤ ስለዚያ ውሳኔም ባላባቱን የጠየቀው የለም። በ1934 አሜሪካ ብርን በብዛት እንድትገዛ የሚያዝ ሕግ ስታወጣ ደግሞ የብር ዋጋ ሽቅብ ወጣ፤ በብር ትገበያይ የነበረችው ቻይና በኅዳር 1935 የብር ገንዘቧን ለመተው ተገደደች። በዚያው ወቅት ጦርነት የተከፈተባት ኢትዮጵያም በዚሁ ማዕበል ላይ ነበረች።

የማርትሬዛ ፍጻሜ

ከ1941 በኋላ በአገራችን ገበያ ማርትሬዛ፣ ሊሬ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ የግብፅ ፓውንድና የህንድ ሩፒ በአንድነት ይዘዋወሩ ነበር። በ1942 የተቋቋመው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ይህን ሁኔታ የመለወጥ ኀላፊነት ተጣለበት። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. (1945) አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በ5.52 ግሬን ንጹሕ ወርቅ ተመዝኖ ወጣ፤ አንዱም በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተመነዘረ። ማርትሬዛም ሕጋዊ ገንዘብነቱ ቀረ።

ይህ ሙከራ ከፊተኞቹ ለምን ተለየ? በመጀመሪያ፣ የመንግሥት ግብርና ደመወዝ በአዲሱ ገንዘብ ይከፈል ጀመር። ገበሬው ለግብሩ የሚፈልገውን ገንዘብ በገበያ መፈለጉ የማይቀር ነው። ሁለተኛ፣ ከአንድ ሳንቲም ጀምሮ ዝርዝር ስለነበረው የአሞሌንና የጥይትን ቦታ ያዘ። ሦስተኛ፣ ሕዝቡ በብር የለመደ መሆኑ ታስቦ የ50 ሳንቲሙ ገንዘብ ከብር ተሠራ፤ ለዚህም የሚሆን ከ5 ሚሊዮን አውንስ የሚበልጥ ብር ከአሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ የብድር ሥርዐት ተገኘ። ወረቀቱ የሚያሳስበው ሰው ሳንቲሙን ጨብጦ ይጽናናል። እርግጥ ነው፣ ሕዝቡ ይህንም ሳንቲም ማስቀመጥና ማቅለጥ ስላበዛ የብሩ ጥራት በኋላ ከሺህ 800 ወደ 700 እጅ ዝቅ ተደርጓል።

ማርትሬዛ በገጠር ገበያዎች ከዚያ በኋላም ለጥቂት ጊዜ መታየቱ አልቀረም። ቀስ በቀስ ግን ወደ አንጥረኛው ቤት ገብቶ መስቀል፣ ድሪና አምባር ሆነ። የወርቅ ሠሪው የወቄት ሚዛን እስከ ዛሬ ከአንድ ማርትሬዛ ክብደት ጋር ይስተካከላል። የሞተ ገንዘብ ሚዛን ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ዶላር፦ የታለር ልጅ

ዶላር የሚለው ስም ራሱ ታለር ከሚለው የመጣ ነው፤ ታለርም ስሙን ያገኘው በአሥራ ስድስተኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ የብር ገንዘብ ከተቀረጸባት የቦሔሚያ ሸለቆ ነው። ስለዚህ ማርትሬዛና ዶላር በስም ዘመዳሞች ናቸው። የኢትዮጵያ ገንዘብም በአማርኛ ሁልጊዜ ብር ሲባል፣ በእንግሊዝኛ እስከ 1976 ድረስ የኢትዮጵያ ዶላር ይባል ነበር።

በሐምሌ 1944 የ44 አገሮች መልእክተኞች በብሬተን ዉድስ ተሰብስበው ዶላርን በአንድ አውንስ ወርቅ 35 ሒሳብ የዓለም ገንዘብ ምሰሶ ሲያደርጉ ኢትዮጵያ ከተሳታፊዎቹ አንዷ ነበረች። በመልእክተኞቿም መካከል ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን ነበሩ። እንግዲህ አገራችን ማርትሬዛን ገና ሳትሰናበት ለአዲሱ የዓለም ገንዘብ ምስክር ሆናለች። የወርቁ ቃል ኪዳን ግን 27 ዓመት ብቻ ቆየ፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ነሐሴ 15 ቀን 1971 ዶላር በወርቅ የሚመነዘርበትን በር ዘጉ። ብዙ ሰው ያን ጊዜ የዶላር ፍጻሜ መሰለው። አልሆነም። ማርትሬዛ ንግሥቲቱ ስትሞት እንዳልሞተ፣ የኦስትሪያ ንጉሣዊ ግዛት በ1918 ሲፈርስም እንዳልፈረሰ ሁሉ፣ ዶላርም ወርቁን አጥቶ በልማድ ሰንሰለቱ ቀጠለ። በ2022 በተደረገው ዓለም አቀፍ ጥናት ከውጭ ምንዛሪ ግብይቶች 88 በመቶ ያህሉ በአንድ ወገናቸው ዶላር ነበረባቸው።

ይህ ማለት ግን ለውጥ የለም ማለት አይደለም። ዶላር በዓለም ማዕከላዊ ባንኮች መጠባበቂያ ውስጥ የነበረው ድርሻ በ1999 ከ70 በመቶ በላይ ሲሆን፣ በ2024 መጨረሻ ወደ 58 በመቶ ወርዷል። በ2022 የሩሲያ ማዕከላዊ ባንክ ሀብት 300 ቢሊዮን ዶላር ያህሉ በምዕራባውያን መንግሥታት ከታገደ በኋላ፣ ብዙ አገሮች በሌላው እጅ ያለ መጠባበቂያ የማን ነው ብለው መጠየቅ ጀምረዋል። ከ2022 እስከ 2024 ማዕከላዊ ባንኮች በየዓመቱ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ ወርቅ መግዛታቸው የዚሁ ጥያቄ ምልክት ነው። ስተርሊንግም በአንድ ቀን አልወደቀም፤ በ1931 ከወርቅ ተላቀቀ፣ በ1949 እና በ1967 ዋጋው ተቀነሰ፣ ቦታውንም እየለቀቀ የሄደው በዐሠርታት ዓመታት ነው። ከታሪኩ አካሄድ ስንገምት የዶላርም መንገድ ከድንገተኛ ውድቀት ይልቅ ወደ ዝግተኛ ማፈግፈግ ያደላል።

ዛሬ በመካነ ሰላም

ዛሬ በመካነ ሰላም ገበያ ዶላር በእጁ የሚዝ ገበሬ አይገኝም። ሆኖም የዶላር ዋጋ በየቤቱ ይገባል። ከደቡብ ወሎ ወረዳዎች ብዙ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ ወደ ሳውዲ ዓረቢያና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ ሄደዋል። የሚልኩት ሐዋላ የሚቆጠረው በሪያል ነው፤ የሳውዲ ሪያል ደግሞ ከ1986 ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.75 ሪያል ሒሳብ ከዶላር ጋር የተሳሰረ ነው። በሌላ በኩል ገበሬው ለስንዴውና ለጤፉ የሚገዛው ማዳበሪያ ከውጭ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ይገባል። ስለዚህ የዶላር መወደድ ለአንዱ ቤት ሲሳይ፣ ለጎረቤቱ ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

የብር ምንዛሪ ለረጅም ጊዜ በአንድ ዶላር 2.07 ቆይቶ በጥቅምት 1992 ወደ 5 ብር ተለወጠ። በታኅሣሥ 2014 ኢትዮጵያ በ6.625 በመቶ ወለድ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ በዓለም ገበያ ሸጠች፤ በታኅሣሥ 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ክፍያው ሳይፈጸም ቀረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (2024) የብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ ከ58 ብር በታች ይሸጥ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ወደ 75 ብር ገደማ ደረሰ፤ በ2025 ከ130 ብር በላይ ሆነ። በ1902 የብር ዋጋ መውደቅ ባላባቱን እንዳልጠየቀው ሁሉ፣ ይህም ለውጥ በማሳው ላይ ያለውን ገበሬ አልጠየቀውም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ሦስት ፍሬ ነገሮችን ማውጣት ይቻላል። የመጀመሪያው፣ የበላይ የሆነ ገንዘብ ባለቤቱ ስለ ደከመ ወይም ጠላቱ ስለ ተመኘ ብቻ አይሞትም። ማርትሬዛ ከንግሥቲቱ በኋላ 165 ዓመት በኢትዮጵያ ሕጋዊ ሆኖ ኖሯል። ሁለተኛው፣ ተተኪው የተሻለ መሆኑ ብቻውን አይበቃውም። የምኒልክ ብር በንጹሕ ብር ይዘቱ በልጦ ሳለ ያልተሳካለት፣ በግብር፣ በባንክና በንግድ መረብ ገና ስላልተደገፈ ነው፤ የ1937ቱ ብር የሠመረለት እነዚህ ድጋፎች ስለ ነበሩት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው፣ በሌላው ገንዘብ የሚኖር ሕዝብ አደጋው የገንዘቡ መሞት ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ በሕይወት ሳለም ዋጋው እርሱ በሌለበት ሸንጎ መወሰኑ ነው። ኢትዮጵያ ከጥር 2024 ጀምሮ የብሪክስ አባል ሆናለች፤ ከዶላር ውጭ የመገበያየት ሐሳብም በዚያ መድረክ ይነሣል። ሐሳቡ ሊጠና የሚገባው ነው። ነገር ግን ሊሬ በሽልንግ ሲተካ የገበሬው ድምፅ እንዳልጨመረ መዘንጋት አይገባም፤ አንዱን ባዕድ ገንዘብ በሌላ ባዕድ ገንዘብ መለወጥ ብቻውን ነጻነት አይሆንም።

ለሙያ ማኅበራችን አባላት የሚቀረው ሥራ እንግዲህ ከሩቁ የዶላር ዕጣ ይልቅ ቅርብ ነው። ብር በገዛ አገሩ የሚታመንበትን መሠረት ማጽናት፣ ማለትም ከአቅም በላይ አለማተም፣ መጠባበቂያን በአንድ ቅርጫት አለማከማቸት፣ ወደ ውጭ የሚላከውን ምርት ማብዛት፣ ከመካነ ሰላም እስከ አጅባር ያለው ገበሬና ሐዋላ ተቀባይ ያለ ደላላ የሚደርስበትን ባንክ ማስፋፋት ነው። የወሎ ገበሬ ብርን ከመቀበሉ በፊት ዕንቁዎቿን ይቆጥር ነበር። ዛሬ የሚቆጠረው የባንኩ መዝገብ ነው፤ መዝገቡንም እንዲታመን አድርገው የሚጽፉት የዚህ ሙያ ሰዎች ናቸው።